የሐትሸፕሱትን ታሪክ የሰረቅኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጁላይ 14፣ 1997

አልመልስም። እትዬ ሐሊማ ከደሴ ተመለሱ ተብሎ አራት ወር የያዝኩትን የሴቶች ቅሬ፣ እድራችንን፣ አላስረክብም። ላቨርተን ኖርዝ ካለው ፋብሪካ ሺፍቴን ጨርሼ ስገባ የሕንፃችን ሊፍት በር ላይ አገኘኋቸው። ጉንጬን ሳሙኝና ቅዳሜ ሴቶቹ ሲሰበሰቡ ማኅተሙንና የቅሬውን ክፍል ቁልፍ ይዤ እንድመጣ ነገሩኝ። አልጠየቁኝም፣ ነገሩኝ። «ለጊዜው ያዢልኝ» ብለው ነበር የሄዱት፤ እሱ እውነት ነው። ግን አሁን የሕንፃው ሴት ሁሉ ስትታመምም ስትወልድም የእኔን በር ነው የምታንኳኳው። ስገባ ቦታ ይለቁልኛል። ይህን ከለመድኩ በኋላ ተመልሼ ሻይ ቀጂ ልሁን?

ልጄ ራህማ የትምህርት ቤት ሥራ ይዛለች፤ የጥንት ግብፅ ንግሥቶች። ሳሎኑ ወለል ላይ ትልቅ ወረቀት ዘርግታ ሥዕል ትለጥፋለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ሽንኩርት እየከተፍኩ እንድታነብልኝ አደረግኩ።

ኔፈርቲቲ፦ ቆንጆ። መጨረሻዋ በውል አይታወቅም። አልወደድኳትም።

ክሊዮፓትራ፦ እህቷን ቤተ መቅደስ ተጠግታ ሳለች አስገደለቻት። ራህማ ፊቷን አጨማደደች። እህትየው ዙፋኑን ፈልጋ ነበር ወይ አልኳት። አዎ አለች። ታዲያ ምን ታድርግ?

ሐትሸፕሱት፦ የእንጀራ ልጇ ሕፃን ስለነበር መንግሥቱን ለጊዜው ያዘችለት። ከዚያ ራሷ ነገሠች። ሥዕሏ ላይ እንደ ወንዶቹ ነገሥታት ጢም አድርጋለች።

ይቺኛዋን ሁለቴ አስነበብኳት።

ረቡዕ፣ ጁላይ 16

ሰዉ እንዴት እሺ አላት ብዬ ጠየቅኩ። ራህማ ገጹን ፈልጋ አነበበችልኝ። ሐትሸፕሱት «አምላካችን በአባቴ መልክ ወደ እናቴ መጣ፤ የምትወለደው ልጅ አገሩን ሁሉ ትገዛለች አለ» ብላ መቅደሷ ግድግዳ ላይ አስቀርጻለች። አስተግፊሩላህ። ኩፍር ነው፣ ክሕደት። ግን ሴትየዋ ሞኝ አይደለችም፤ ከላይ የመጣን ነገር ማን ይከራከራል?

ከሞተች በኋላ ስሟን ከግድግዳ ፍቀውታል። እኔ እንኳ ይህን ያህል አልደከምኩም። የቅሬው ክፍል በር ላይ ሞት ሲያጋጥም የሚደወልላቸው ሰዎች ስም ከነስልኩ ተለጥፏል። መጀመሪያ ላይ እትዬ ሐሊማ ነበሩ። አዲስ ወረቀት በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጻፍኩና አሮጌውን ቀደድኩ። አሁን መጀመሪያ ላይ ከዲጃ ይላል። ሐሊማ የሚል የለም። ደረጃውን ስወርድ በደስታ ጉልበቴ ቀለለኝ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 19

ተሳካ።

ቀድሜ ሄጄ አቀማመጡን እኔ አደላደልኩ። ለእትዬ ሐሊማ በሩ አጠገብ፣ ጫማ የሚወልቅበት ጋ ነው ያነጠፍኩላቸው። ዱዓ ካለቀ በኋላ ሴቶቹ ወደ እኔ ሲዞሩ ቁልፉን ከማውጣት ይልቅ ማልቀስ ጀመርኩ። እንባዬ እንዴት እንደታዘዘልኝ እኔም ገርሞኛል። ሦስት ቀን በተከታታይ ሕልም አየሁ አልኩ። ነጭ የለበሰ ሰው በሟች አባቴ መልክ መጥቶ ይህን ቤት አንቺ ትይዣለሽ አለኝ፤ እኔ ግን እትዬ ሐሊማን አፍሬ ለመናገር ፈራሁ አልኩ። አንዷ «ሱብሃነላህ» አለች። ሌላዋ ጉልበቴን ሳመች።

እትዬ ሐሊማ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ሻዩ ፈስሶ እጃቸውን አቃጠላቸው፤ ማንም አላየም፣ እኔ አየሁ። አላህ ያግዝሽ ብቻ ብለው ጫማቸውን ፈልገው ወጡ። አላዘንኩም። ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ብሎኛል።

የቀረው አንድ ሰው ነው። ራህማ ትሪ ይዛ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ቤት ስንገባ «ማሚ፣ እሱኮ የሐትሸፕሱት ነው» አለችኝ። በአማርኛ! አንድ ዓመት ሙሉ ስለምናት የከለከለችኝን አማርኛ ለዚህ አወጣችው። በጥፊ አልኳት። ከዚያ ከወረቀቱ ላይ ሐትሸፕሱትን ከነጽሑፏ ገነጠልኩና ቀዳድጄ መጣያ ውስጥ ከተትኩ። ሰኞ የምታስረክበው ሥራ ነው። ልጄ አላለቀሰችም፤ በሩን ከፍታ ወደ ሰባተኛ ፎቅ ወረደች። ሰባተኛ ፎቅ ላይ የምናውቀው እትዬ ሐሊማን ብቻ ነው። እኔ ሥራ ስውል አቅፈው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

እሑድ፣ ጁላይ 20

ራህማ አታናግረኝም። ነገረቻቸው? ሳትነግራቸው አትቀርም። ቀኑን ሙሉ ስልኩን ሳይ ዋልኩ። ማንም አልደወለም። እትዬ ሐሊማን ከሱቁ ሲመለሱ በመስኮት አየኋቸው፤ ሁለት ሴቶች አስቁመው አነጋገሯቸው። ሴቶቹ ግን ወደ እኔ ቀና ሲሉ እጃቸውን በአክብሮት አነሱልኝ።

ሰኞ፣ ጁላይ 21

እትዬ ፋጡማ ሞቱ። ሆስፒታል ነበሩ፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ። ልጃቸው በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አይታ ለእኔ ደወለች። «አጣቢዋን ይዘሽልን ነይ» አለችኝ።

አጣቢዋ! በአራት ወር ውስጥ ከሴቶቹ ማንም አልሞተብንም፤ ለካ ሥራው የቀለለኝ ለዚህ ነው። ከኛ መካከል የሞተች ሴት ገላ በሥርዓቱ ማጠብ የሚያውቁት እትዬ ሐሊማ ብቻ ናቸው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። ብቻዬን ልወጣው ብዬ መስጊዱ ማጠቢያ ክፍል ሄድኩ። አንሶላውን ገለጥኩ። የቱን አስቀድማለሁ? ቀኝ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከዚያስ? ልጅየዋ አጠገቤ ቆማ እጄን እጄን ታያለች። የውሃው ጣሳ ከእጄ ወደቀ። እኔ ስደናበር አስከሬኑ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ድረስ ሳይታጠብ ቆየ።

ሰባተኛ ፎቅ ሄጄ አንኳኳሁ። እትዬ ሐሊማ ሩዝ እየለቀሙ ነበር። እትዬ ፋጡማ ከደሴ ጀምሮ፣ በስደት ካምፕም ጭምር፣ አብረዋቸው የነበሩ ናቸው። መሞታቸውን አልሰሙም ነበር። ማን ይንገራቸው? ስማቸው ወረቀቱ ላይ የለም። ነገርኳቸው።

«መቼ?» አሉ።

«ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አነሱ። ሊፍቱ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን ወረድን፤ አንዴም ዞር ብለው አላዩኝም።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 22

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም፤ ዛሬ ልጨርሰው። ማጠቢያው ክፍል ስንደርስ የሟች ልጅ እንድትወጣ አደረጉና ጣሳውን ለእኔ ሰጡኝ። አፍስሺ ሲሉኝ አፈሰስኩ፣ ያዢ ሲሉኝ ያዝኩ። ጓደኛቸውን እንደ ሕፃን ቀስ አድርገው ገለበጧቸው። አንድ ቦታ ላይ እጃቸው ቆመ፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ቀጠሉ። እኔ አለቀስኩ፣ ይሄኛው ሳልጠራው የመጣ ነው። ይቅር በሉኝ አልኩ። ጣሳውን እንድሞላ በእጃቸው አመለከቱኝ።

በነጭ ጨርቅ ከፍነን ስንጨርስ ቁልፉን አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም። እጃቸውን እያደረቁ እንዲህ አሉኝ፦

«አጣቢ ገላ ላይ ያየችውን ነውር ለሰው አትናገርም። ልጅሽ የነገረችኝንም እንደዚያ ይዤልሻለሁ።»

ቀብሩ ላይ ሴቶቹ ከበው አመሰገኑኝ፤ ከዲጃ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር አሉ። እትዬ ሐሊማ አጠገቤ ቆመው ሰሙ፣ አንገታቸውንም አልነቀነቁም። ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ራህማ ወረቀቷን የተቀደደ ቦታው ባዶ እንደሆነ አስረክባለች።

ምስጢሬ አይወጣም፤ ስለዚህ መተኛት ነበረብኝ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። እትዬ ሐሊማ የሞተ ሰው ነውር አውጥተው አያውቁም፤ እኔንም ከሞቱት ቆጥረውኛል።