ሁለቱ የኋላ ጎማዎችህ

ግርሜ ሆዴ፣

ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፣ አፍሬ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ስትነግረኝ ኖርክ፤ እኔም አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ኧረ ተወኝ እባክህ ስልህ ኖርኩ፤ በመጨረሻ ትክክሉ አንተ ሆነህ ተገኘህ። ይህን በህይወት እያለህ ብትሰማ ኖሮ ከሰፈር ሰው ጋር አታኖረኝም ነበር። አሁን ለማን ታወራብኛለህ ብዬ ቁጭ ብዬ ልናዘዝልህ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ደህና ነን። የልብስ ስፌት ሱቄ እዚያው ጉርድ ሾላ ናት፤ መንገዱ ሲሰፋ በረንዳዋ ሄደች እንጂ ክፍሏን አልነኳትም። ናሆም ቦሌ ባለው መሥሪያ ቤቱ ዕድገት አግኝቷል፤ ሸሚዙ ሳይተኮስ ከቤት የማይወጣ ሰው ሆኗል፣ ብታየው ትስቅ ነበር። ሙት ዓመትህንም እንደ ወጉ አውጥተናል፣ የጎደለ ነገር አልነበረም። ትዕግስት ደግሞ፣ እሰይ በል፣ ሴት ልጅ ወለደች! ግንባሯ ሰፊ ነው፣ ቁርጥ አንተን። ፀጉሯ እንኳ ወደ እኔ እንዲሄድ እየጸለይን ነው።

የትዕግስት ቤት መንገድ ግን ያው ነው። ለሚ ኩራ ላይ ሕንፃው በየቀኑ ይበቅላል፤ አስፋልቱ ግን አንተ የምታውቃት ቦታ ላይ ደርሶ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ያ የምታውቀው ጥቁር ጭቃ ነው። በስልክ የምንጠራቸው ታክሲዎች አስፋልቱ ጫፍ ላይ አድርሰውህ ከዚህ በኋላ አንገባም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ገብተው የቀሩ አይቻለሁ። አራስ ልጄን ለመጠየቅ በክረምት ገንፎ ይዤ በእግሬ ስወጣ አስበኝ። እንግዲህ የመኪናህ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ስታመጣት ትዝ ይልሃል? አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ ፈረንጅ ላይ ገዝተህ፣ ከኤርፖርት ጭነት ክፍል ሥራህ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ሱቄ ነዳሃት። አረንጓዴ፣ ያኔም ቢሆን አዲስ ያልነበረች። ውጪና እዪያት አልከኝ፣ ወጥቼ አየኋት። አራቱም ጎማ ነው የሚሠራው አልከኝ። ታዲያ የሌላ ሰው መኪና በስንት ጎማ ነው የሚሄደው ብዬ ስጠይቅህ የሳቅከው ሳቅ አሁንም ይሰማኛል። ከዚያማ ማን ይቻልህ! እንግዳ በመጣ ቁጥር ከስፌት ጠረጴዛዬ ላይ አራት ቁልፍ አንስተህ፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ ደርድረህ፣ የሌላው መኪና ሞተር ሁለቱን ጎማ ብቻ ነው የሚያዞረው፣ የእኛ ግን ለአራቱም ያካፍላል እያልክ ታስረዳለህ። እኔ ቁልፌን መልስ ከማለት በቀር አንድ ቀን አድምጬህ አላውቅም።

ከሁሉም የምናደደው ግን በጎማው ነበር። አንዱ ሲበላሽ አራቱንም ትቀይራለህ። አንድ ቁልፍ የወደቀበት ሸሚዝ ሌሎቹም ይነቀሉለታል እንዴ እያልኩ ስጨቀጭቅህ፣ አራቱ እኩል ካልሆኑ እርስ በርስ ይጣላሉ አስቱ ትለኝ ነበር። ማባከን የሚወድ ሰው ለራሱ ሰበብ ሲፈልግ ነው የመሰለኝ። በመጨረሻዎቹ ዓመታትህ እንኳ፣ ደረጃ መውጣት እየከበደህ፣ አዲስ አበባን ዞረህ አራት አንድ ዓይነት ጎማ መርጠህ አስገጠምክ። እኔም እንደ ልማዴ ተቆጣሁ። ያቺን ቁጣ ብመልሳት ደስ ይለኝ ነበር።

አንተ ከሄድክ በኋላ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆመች። ናሆም እንሽጣት አለ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ማን ይነዳታል፣ ቆማ ታረጃለች ነው ያለው። እኔ ነኝ የምነዳት ስለው ሳቀ። መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥኩ መሆኔን ረስቶታል፣ እኔም ረስቼው ነበር። እሁድ እሁድ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ሰፊው መንገድ ላይ እለማመድ ጀመር፤ ልጅህ ከጎኔ ተቀምጦ የበሩን እጀታ በሁለት እጁ ይዞ ይጸልያል። ቀስ በቀስ እጅ ሰጠችልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ያንን ጭቃ ወጥቼ ትዕግስት በር ላይ ክላክስ ሳደርግ፣ ያቺ የደረሰች እርጉዝ እየሮጠች ወረደች። እንዴት እንደኮራሁ አልነግርህም።

ጥጋቤ ግን ብዙ አልቆየም። ለመንገድ ሥራ የተቆፈረ ቦይ ውስጥ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ይዤ ገባሁልህ። መኪናዋን አወጡልኝ፣ ጎማዎቹ ግን ጎናቸው ተቀዶ ነበር። ጎሚስታው አይቶ፣ እትዬ፣ ይቺ መኪና አራቱም የሚሠራ ስለሆነ የኋላዎቹንም አብረን እንቀይር አለኝ። ግርሜ፣ የተቆጣሁት ቁጣ! የኋላዎቹ ምን ሆኑ? ባሌ በእጁ የመረጣቸው ናቸው፤ የሟች ዕቃ ነው፤ አንድ ሰው እንዳይነካቸው አልኩት። ሰውዬው ደንግጦ ነፍስ ይማር ብሎ ሁለቱን አዲስ ከፊት ገጠመልኝ። ልብስህን በአርባህ ለነዳያን ሰጥቻለሁ፤ ጫማህን ወንድምህ ወስዷል። ያንተ ምርጫ ሆኖ አሁንም የሚሠራ ነገር እነዚያ ሁለት ጎማዎች ብቻ መሰሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አጥቤ በጎማ ማጥቆሪያ እቀባቸው ነበር። ከአዲሶቹ አይለዩም።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ መታመም ጀመረች። ቀጥ ብላ ስትሄድ ዝም ትላለች፤ መሪውን አጥብቄ ሳዞር ግን ከኋላ ሰው ቀሚሷን የያዛት ይመስል ትንፈራገጣለች፣ ከሥሯም ታጉረመርማለች። ቦሌ ደርሼ ስመለስ የተቃጠለ ዘይት ይሸተኛል። የሚገርመው ደግሞ ጭቃ ላይ ጤነኛ ናት! የምታነክሰው ደረቅ አስፋልት ላይ ነው። የሞላለት መንገድ ሲያገኙ የሚያኮርፉ ሰዎች አሉ አይደል፣ እንደነሱ።

ያንተው መካኒክ ታደሰ ጋ ወሰድኳት። ታደሰ አሁንም ያንን ባርኔጣ አልጣለም፤ ሲያየኝ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ከዚያ ሥራ ገባን። ዘይቱን ቀየረ፣ ብሎኑን ሁሉ አጠበቀ። የጎማዎቹን ቁጥር አነበበ፤ አራቱም አንድ ልክ ነው ብሎ አለፈ። ለውጥ የለም። በሦስተኛው ጊዜ አንገቱን ደፍቶ፣ እትዬ አስቴር፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ክፍል ሳያልቅ አይቀርም፤ ለዚህች መኪና አሁን ዕቃው አይገኝም፤ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ላውጣውና በፊት ጎማ ብቻ ይንዷት፣ ለከተማ ይበቃዎታል አለኝ። ናሆም ደግሞ እንደዚያ ከሆነማ ለትዕግስት መንገድ ምን ትረባለች፣ ሳትበላሽ እንሽጣት አለ።

ያን ቀን ሆዴ ባባ። ዘንጉ ከወጣ ያንን ጭቃ አትወጣም፤ ጭቃውን ካልወጣች ደግሞ ናሆም እውነቱን ነው። የልጅ ልጄን ለማየት ሰው እስኪወስደኝ በር ላይ የምጠብቅ አሮጊት ልሆን ነው። ከዚህም በላይ አንተ ለአሥራ ስምንት ዓመት ስታወራላት የኖርከውን ነገር እኔ በዓመቱ ላስቆርጥ ነው። ታደሰን እስከ ነገ ጠብቀኝ አልኩት፤ ነገ ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጋራዡ ስደርስ ታደሰ አራቱንም ጎማ ከመሬት አንስቶ በድጋፍ አስቀምጧታል፣ እሱ ከሥር ገብቷል። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እንደ ደንበኛ ከላይ እስከ ታች አየኋት። ዓይኔ ዕድሜ ልኩን የቀሚስ ጠርዝ ሲያስተካክል የኖረ ነው፤ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። የፊት ጎማዎቹ ጥርስ ጥልቅ ነው፤ የኋላዎቹ፣ ያ ሁሉ ማጥቆሪያ ተቀብቶ፣ ሲጠጉት ሳስቷል። እነዚያ አራት ቁልፎች ድቅን አሉብኝ። ከቦርሳዬ ሜትሬን አወጣሁና የፊቱን ጎማ ወገቡን ለካሁት። ሜትሬ አጠረች፤ በጠመኔ ምልክት አድርጌ ቀጠልኩ። ከዚያ የኋላውን ለካሁ። አራት ሴንቲ ጠበበ! ሁለተኛ ለካሁ፣ ያው አራት ሴንቲ። ግራውንም ቀኙንም ለካሁ። ትልቁ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ትንሹ ከአንድ ዙር አልፎ ይሄዳል፤ በዘንጉ ደግሞ ተያይዘዋል፤ እንግዲህ ቀኑን ሙሉ መጓተት ነው። ጭቃው ላይማ እየተንሸራተቱ ይታረቃሉ፣ ደረቁ አስፋልት ግን አያንሸራትታቸውም። ይኸው፣ ያልከው ሁሉ ይኸው!

ታደሰ ከሥር ወጥቶ ሲሰማ ባርኔጣውን አውልቆ ጭንቅላቱን ያዘ። የኋላዎቹ አሮጌ መሆናቸውን ለምን አልነገሩኝም አለኝ። ምን ልበለው? እየቀባሁ ስደብቃቸው ነበር ልበለው? አልኩትም፤ እንደዚያው አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወው። እኔ ግን እየሳቅኩም እያለቀስኩም ነበር። መኪናህን በፍቅሬ ልገድላት ነበር እኮ!

አራት አንድ ዓይነት አዲስ ጎማ አስገጠምኩ። አራት! ስትሰማ ደስ ይበልህ። ከጋራዡ ወጥቼ ደረቁ አስፋልት ላይ መሪውን እስከ መጨረሻ አዞርኩት፤ ዝም። እንደገና አዞርኩት፤ ዝም። ታደሰ ኃይሉን የሚያካፍለውም ክፍል ለጥቂት ነው የተረፈው አለ። ያንተዎቹን ሁለቱን ቤት ልወስዳቸው ነበር፤ ናሆም ሳሎን ልታስቀምጪያቸው ነው ወይ ብሎ አፌዘብኝ። ታደሰ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ፣ ጣውላ ጣል አድርጎበት፣ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ለደንበኛ መቀመጫ አደረጋቸው። ባለፈው ሳልፍ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠውባቸው ጋዜጣ ሲያነቡ አየሁ። ቅር ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ደስ አለኝ።

ሞት ይርሳኝ ልልህ ነበር፤ ለአንተ ሲጻፍ እንዲህ አይባልም መቼም፣ ይቅር በለኝ። የሕፃኗን ክርስትና ሳልነግርህ። በሰማንያ ቀኗ ጠዋት ዝናቡ ዶፍ ሆነ። የተጠራው መኪና አስፋልቱ ጫፍ ላይ ቆሞ ይደውላል። እኔ ትዕግስትን ከነሕፃኗ፣ የክርስትና እናቲቱንም ከኋላ፣ ናሆምን ከጎኔ ጭኜ ያንን ጭቃ ወረድኩት። ናሆም እጀታውን አልያዘም፤ ሰዓቱን እያየ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያለው ጠባቂ፣ የቀብር መኪና ሊገባ ስለሆነ ይቺን አረንጓዴ አንሱልኝ፣ የማን ናት ብሎ ተጣራ። ሰው ሁሉ ናሆምን አየ። የማን ናት ሲሉኝ እስከዚያ ቀን የግርማ ናት ነበር የምለው፣ ለትራፊክ ፖሊስ እንኳ ሳይቀር። ያን ቀን ግን ነጠላዬን አጣፍቼ፣ የእኔ ናት አልኩ። ከአፌ እንደወጣ ደነገጥኩ፤ አንተን የካድኩህ መሰለኝ። ከዚያ ገብቼ፣ በጠባቧ በር ላይ አንድ ጊዜ አዙሬ አወጣኋት፤ የሟቹንም ሰዎች ፊት እያየሁ ነፍሳቸውን ይማር አልኩ፣ በዚያው ያንተንም ስም ጠራሁ።

መኪናህን ወስጄብሃለሁ ግርሜ፣ አትቀየመኝ። ልጅቷ ነፍስ ስታውቅ ከኋላ አስቀምጬ በዚያ መንገድ ስወስዳት፣ አያትሽ እንዲህ ያለ ጨቅጫቃ፣ እንዲህ ያለ ትክክለኛ ሰው ነበር እያልኩ አወራላታለሁ። አንተን በህይወት እስካለሁ አልረሳህም።

አስቱ