ኩዋይ የማይቀርብበት ቤት እመቤት፦ የዶክተር ድሮሲላ ካርኮንጎር የሕይወት ታሪክ

አክስቴ ዶክተር ድሮሲላ ካርኮንጎር ከእናታቸው ከወይዘሮ ትሪናሊ ካርኮንጎርና ከአባታቸው ከአቶ ዊሊምሶን ኖንግሩም በላይትሊንግኮት መንደር እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1951 ተወለዱ። በእኛ በካሲዎች ወግ ልጅ የሚጠራው በእናቱ ቤተሰብ ስም ነው፤ የመጨረሻዋ ሴት ልጅ ስለነበሩም የእናታቸው ቤት የእርሳቸው ሆነ፤ እንግዳ የመቀበሉም ግዴታ አብሮ።

በመንደራቸውና በሺሎንግ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው በ1975 ከጉዋሃቲ በሕክምና ተመረቁ። ማድራስ ሄደው በሽታን በማይክሮስኮፕ መመርመር ተማሩ። በ1981 ተመልሰው ሥራ ሲጀምሩ በላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ የጠበቃቸው የገዛ ወገናቸው አፍ ነበር፤ ከጉንጭ፣ ከድድ፣ ከምላስ ሥር የተቆረጠ ሥጋ። ምክንያቱ ኩዋይ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አሁን ይህን ሳነብ እንኳ ብዙዎቻችሁ በጉንጫችሁ ይዛችሁታል። ፍሬውን ኖራ በተቀባ ቅጠል ጠቅልለን ከልጅነት እስከ መቃብር እናኝካለን፤ ለእንግዳም አስቀድመን የምናቀርበው እርሱን ነው።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ አክስቴ በቤታቸው ኩዋይ አላቀረቡም፤ ሲቀርብላቸውም አልወሰዱም። በእኛ ዘንድ ይህ ሰላምታ ከመንሳት ይብሳል። በ1984 መምህር ኮርኔሊየስ የሚባሉ ሰው ሊያገቧቸው አስበው የራሳቸውን እናት ወደ አክስቴ ቤት ላኩ። አክስቴ በኩዋይ ፋንታ ብርቱካን አቀረቡ። ሴትዮዋ አንዱንም ሳይልጡ ተነሥተው ሄዱ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። አክስቴ ትዳር አልያዙም፣ ልጅም አልወለዱም። ጎረቤትም ቀስ በቀስ ደጃቸውን መርገጥ ተወ። በየገናው ለስድስት ሰው የሚበቃ ሩዝ በአሳማ ሥጋ ይሠሩና ለቀናት ብቻቸውን ይበሉት ነበር።

በሙያቸው የያዛቸው አንድ ጥያቄ ነበር። በአፍ ውስጥ የሚወጣ ነጭ ልጥፍ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይሆን ይኖራል፤ አንዳንዱ ግን ካንሰር ይሆናል። የትኛው? መልሱ ያለው የካንሰር ግንድ ሴል በሚባሉት፣ እንደ አረም ሥር ቢቆረጡም መልሰው በሚያቆጠቁጡት ጥቂት ሴሎች ዘንድ ነው ይሉ ነበር። የሴሎቹን ምልክት በቀለም ቡናማ አድርገው፣ አንድ በአንድ ሲቆጥሩ ሠላሳ ዓመት ኖሩ። በካንሰሩ ውስጥ ምልክቱ ይበዛ ነበር፤ በነጩ ልጥፍ ግን አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ስለዚህ ስለ ነጭ ልጥፍ ሲጠየቁ «እርግጠኛ ነኝ» ብለው አያውቁም።

በ1998 ታላቅ እኅታቸው፣ እናቴ ወይዘሮ ቢቢያና፣ በጉንጫቸው ነጭ ልጥፍ ወጣባቸው። አክስቴ መርምረው ምልክቱን አዩና ይቆረጥ አሉ። እናቴም ካንሰር መሆኑ እርግጥ እንደሆነ ጠየቋቸው።

«እርግጠኛ አይደለሁም፤ ግን ይውጣ።»

«ካላወቅሽ እንግዲያ አፌን ተይልኝ» አሉ እናቴ።

እናቴ በ2001 በአፍ ካንሰር ሞቱ። እኔም አክስቴን ዓይንዎን ላፈር አልኳቸው። ምን ነበረበት አንዴ ቢዋሹ እያልኩ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፊት ነሳኋቸው። በመንገድ ሲያዩኝ ቆም ይላሉ፤ እኔ አልቆምም። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ በፊታችሁ ልናገረው ይገባል።

በ2010 ነጩ ልጥፍ በእኔ ጉንጭ ወጣ። የምሄድበት አጥቼ ወደ እርሳቸው ሄድኩ። ወቀሳ አልነበረም። ናሙናውን ወሰዱ፤ በሳምንቱ ጠርተውኝ ዓይን ዓይኔን እያዩ እንዲህ አሉኝ፦

«ኢባንሪ፣ እርግጠኛ ነኝ። ሐሙስ ይቆረጣል።»

ተቆረጠ። ኩዋይም ተውኩ። አክስቴ በቀጣዩ ዓመት ጡረታ ወጡ፤ እኔም በየእሑዱ እሄድ ነበር። ስለ እናቴ ግን አንድም ቀን አላነሣንም።

አክስቴ በሳንባ ምች ታመው ኅዳር 12 ቀን 2019 በስልሳ ስምንት ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። አጠገባቸው ሰው ነበር ብል ደስ ባለኝ። ብቻቸውን ነበሩ።

የሚቀበሩበትን ልብስ ስፈልግ ደብተራቸውን አገኘሁ። በስሜ ሥር እንዲህ ይላል፦ «ጥቂት ቡናማ ሴሎች። ፍርድ ለመስጠት አይበቃም። ለልጅቷ ግን እርግጠኛ ነኝ ብያታለሁ። ቢቢያናን ያጣሁበትን ስሕተት አልደግምም።»

ጉንጬ ያለ ምክንያት ተቆርጦ እንደሆነ አላውቅም፤ እርሳቸውም አላወቁም። በሙያቸው የተናገሩት አንድ ውሸት ለእኔ የተናገሩት ነው፤ አመሰግናለሁ ሳልላቸው ሄዱ።

ከእርሳቸው የቀረነው እኔና ሁለቱ ሴት ልጆቼ ነን። እኛ ካሲዎች የሞተን ሰው በእግዚአብሔር ቤት ኩዋይ እየበላ ነው እንላለን። ለአክስቴ እንዴት ብዬ እንደምጨርስ ስጨነቅ ሰነበትኩ። እንዲህ እላለሁ፦ ነፍሳቸውን ይማር። ሰው በሞላበት ቤት ያስቀምጥልን። የኩዋዩ ሳህን ይቅረብላቸው፤ አልወስድም ቢሉም ማንም ተነሥቶ አይሂድባቸው።