«ኃይል ደክሟል» ብዬ የጻፍሁት ማስታወቂያ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ተገኘ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የአሰብ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሃል? ሂሩት ከወባው ተነሣችልህ ወይ? ትንሹ አክሊሉስ ጥርስ አወጣ? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያልላክሁት ፈርቼ ነው። ሾፌሩ ቸኮል በእጅህ ይሰጥሃል፤ አንብበህ አቃጥለው።

የምሠራባት የውኃ መብራት ጣቢያ በክረምት አርባ ኪሎዋት እንደምትሰጥ ታውቃለህ። ዘንድሮ ወንዙ ከጥር ጀምሮ ጎድሎ ወደ አሥራ ሰባት ወረደች። የክሊኒኩ የክትባት ማቀዝቀዣ እንዳይጠፋ የከተማውን መስመር በፈረቃ ማድረግ ግድ ሆነ። ስለዚህ ሰኞ ዕለት በካርቶን ላይ «ኃይል ደክሟል። እስኪበረታ በትዕግሥት ጠብቁ» ብዬ ጽፌ ገበያው መግቢያ ላይ ሰቀልሁ። መብራት ብል ምን ነበረበት? መዝገብ ላይ ዘወትር የምሞላው ኃይል የሚለውን ነውና እጄ ያንኑ ጻፈ።

የወረዳው ካድሬ አንብቦ ደሙ ፈላ። «የደከመው የማን ኃይል ነው? የሚበረታውስ የማን?» አለ አሉ። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ ኃይል፣ ትዕግሥት፣ ጠብቁ የሚል ቃል ሁሉ ለእሱ የጴንጤ ምልክት ነው። በማግስቱ ጣቢያው ድረስ መጥቶ ጸሐፊው ማነው ሲል እኔ ፊቴን ወደ ቆጣሪው አዞርሁ። አለቃችን አቶ ሰይፈሥላሴ «እኔ ነኝ» ብለው ወጡ። ኦርቶዶክስ ስለሆኑ ቶሎ የሚለቋቸው መስሏቸው ነበር። ሆሳዕና ከተማ ከታሰሩ ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወይንሸት ትናንት የወሰዱላቸው ምግብ ሳይነካ ተመለሰ።

አፍሬአለሁ፣ ወንድሜ። ዘበኛችን ጠና «ዝም በል፣ አንተም ከታሰርህ ማሽኑን ማን ይይዘዋል?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ስለዚህ የውኃ መዝጊያውን አከፋፈትና የቆጣሪውን አነባበብ ሁለት ቀን ሙሉ ሳሳየው ሰነበትሁ። ዛሬ ጠዋት ብቻውን አሥራ ስድስት ኪሎዋት አወጣ፤ ለማቀዝቀዣው ይበቃል። ነገ በማለዳ ሆሳዕና ሄጄ «ካርቶኑን ከመዝገቡ ጋር አስተያዩት፣ የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው» እላቸዋለሁ።

ሂሩትን እጅ ንሣልኝ፤ አክሊሉን ጉንጩን ሳምልኝ። እህታችን ትርፊት ከነባሏ ሰላም ትልሃለች። እናታችን ደህና ናት፤ ምንም አልነገርኋትም። ለጊዜው ለእሷ ደብዳቤ አትጻፍላት፤ የአንተን የማነብላት እኔ ነኝ።

ወንድምህ ኤሊያስ
ሀቢቾ፣ የካቲት 23 ቀን 1971 ዓ.ም.