ካርቶኑ የተጣለ የፀሐይ መስታወት

ሰኞ

ፀሐይን ትክ ብሎ ለማየት ምን ያህል የጠቆረ መስታወት ይበቃል? ልጅ ሆኖ ይህን ያልጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ፊዚክስ ተመርቄ፣ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጬ፣ ዛሬም እየጠየቅኩ ነው።

ዕቃው መጣ። ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ከሻርጃ ተመልሰው ትናንት መካነ ሰላም ገብተዋል፤ እህቴ ራህማ የላከችልኝን ይዘው። ቴሌስኮፑ ራሱ አምና ነው የመጣው። የራህማ አሠሪዎች ልጆች ሰልችተውት ሊጥሉት ሲሉ ለምና ወሰደችው። የጎደለው የፀሐይ ፊልተር ብቻ ነበር። አባዬ በልብስ ስፌት ሜትራቸው የቱቦውን አፍ ለኩልኝ፣ ልኩን በኢሞ በድምፅ ላክሁላት፣ ገዛች።

ከካልሲ ውስጥ የወጣው ይህ ነው፦
ሦስት ትንንሽ ክብ መስታወቶች። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ጥቁር።
ሁለት የዓይን ሌንሶች።
የብር ቀለም ያለው አንድ ስስ ላስቲክ፣ እንደ ሻርፕ አራት ቦታ የታጠፈ።
ጽሑፍ የለም። ወረቀት የለም።

"ካርቶናቸውስ እትዬ?" አልኳቸው።

"ምን ካርቶን! ካርቶን ኪሎ ይበላል ልጄ። ደሞ አዲስ ዕቃ ከመሰለ ኤርፖርት ላይ ያንገላታሉ። ሁሉንም ፈታትቼ ካልሲ ውስጥ ከተትኩት። ይኸው አንድም አልተሰበረ፣ አልሃምዱሊላህ!"

እውነታቸውን ነው። ከዐረብ አገር የሚመጣ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ስልክ ያለ ካርቶን ይመጣል፣ ሽቶ ያለ ካርቶን ይመጣል፣ ጫማም እንዲሁ። ጫማ ግን ካርቶኑ ቢጣልም ጫማ ነው።

አመስግኜ ተቀበልኩ። መደሰት ነበረብኝ። ምንም አልተሰማኝም።

ዓርብ አምስት ሰዓት ላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ፀሐይን አሳያለሁ። ርዕሰ መምህሩ ጋሼ ታደሰ ናቸው የጠሩኝ፤ እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። "የቤተ ሙከራው የሥራ ቦታ ክፍት ነው። ከወረዳ ሰዎች ይመጣሉ፣ ሥራሽን ይዩት" ብለውኛል። በሁለት ዓመት ውስጥ የተከፈተልኝ በር ይኸው ነው። ሌላ የለም።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ መስታወት ሳጠብቅና ስፈታ ዋልኩ።

ሦስቱም ክቦች የዓይን ሌንሱ ጥርስ ላይ ልክክ ብለው ይገባሉ። ችግሩም እሱ ነው። ስለገባ ብቻ የሚሆን ይመስላል። ግራጫው የጨረቃ ይመስለኛል፤ የጨረቃን ብርሃን ይቀንሳል እንጂ ፀሐይን አይችልም። አረንጓዴው ምን እንደሆነ አላውቅም። ጥቁሩ ምናልባት ለፀሐይ የተሠራ ነው፤ ቢሆንም አልነካውም። የፊተኛው ትልቁ ሌንስ የፀሐይን ሙቀት ሰብስቦ እዚያች ጥፍር የምታህል መስታወት ላይ ያራግፈዋል። ከተሰነጠቀች የምትሰነጠቀው ዓይን ከኋላዋ ተደቅኖ ሳለ ነው። ፀሐይን መከልከል ያለበት በቱቦው አፍ ላይ፣ ገና ሳትገባ ነው።

ስለዚህ የቀረኝ የብሩ ላስቲክ ብቻ ነው። ከወፍራም ወረቀት ክብ ቆርጬ፣ ላስቲኩን ወጥሬበት፣ ቱቦው አፍ ላይ ላጠልቀው እችላለሁ። ግን ምንድን ነው? የፀሐይ ፊልተር? የመስኮት ላስቲክ? የስጦታ መጠቅለያ?

ራህማ ከሥራዋ ተደብቃ በድምፅ መለሰች። "ሻጩ ለፀሐይ ነው አለኝ፤ የመኪና መስኮት ላስቲክም ይሸጣል እሱ። የተጻፈውማ ካርቶኑ ላይ ነበር። ተናደድሽብኝ እንዴ?"

አልተናደድኩም። "አብሽሪ" አልኳት።

ረቡዕ

ትምህርት ቤት ይዤው ሄድኩ። ገና ከቦርሳ ሳወጣው ጋሼ ታደሰ ላስቲኩን ተቀበሉኝና በመስኮቱ ወደ ፀሐይ አንስተው አዩ። አንድ ቃል ሳልተነፍስ።

"ይኸው! ብርቱካን መስላለች። ዓይኔን ምንም አላለኝም።"

"ጋሼ፣ የማይታየውን ጨረር ያሳልፍ አያሳልፍ አላውቅም። ምንነቱ አልተጻፈበትም።"

"የጤፍ ወንፊት ላይስ ምን ተጽፎበታል?"

መምህራኑ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

"አንቺ ልጅ ድሮም ታካብጃለሽ። ካልሆነልሽ ግን ዛሬውኑ ንገሪኝ፣ ለዓርብ የጥያቄና መልስ ውድድር አስገባለሁ።"

"እሺ" አልኳቸው። እሺ ያልኩት የቱን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና በላስቲኩ ጀርባ የስልኬን መብራት አበራሁ። የታጠፈበት መስመር ላይ አምስት የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ታዩ። በጥቁር ማርከር ደፈንኳቸው። ጥሩ ይመስላል። ማንም አያውቅም። ከስልሳ ተማሪ አንዱ ዓይኑን ቢታመም እንኳ ዓርብ ዕለት አይታወቅም።

ይህን ጻፍኩት። ፈርቼ ነው የጻፍኩት ማለት እፈልግ ነበር። አልፈራሁም። ሁለት ዓመት የተቀጣሪ ስም ዝርዝር የሚለጠፍበት ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው መጨረሻ ላይ የማይፈራ ይሆናል መሰለኝ።

ሐሙስ

ጠዋት ወደ አባዬ ሱቅ ሄድኩ። ክቡን ጥብቅ የሚያደርግ የጨርቅ ጠርዝ እንዲሰፉልኝ ነበር። ላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አባዬ አልነኩትም።

"በዚህ ነው ልጆቹ የሚያዩት?"

"አዎ። ጋሼ ታደሰ አይተውበታል፣ ምንም አላላቸውም።"

"እኔንም ምንም አላለኝም ነበር።"

የስፌት መኪናውን አቆሙና ነገሩኝ። ፀሐይ በተጋረደች ቀን፣ እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ የአጎቴን የራጅ ፊልም ይዘው እዚሁ ሱቅ በር ላይ ቆመው አዩ። መንደሩ ሁሉ ያይ ነበር። አላመማቸውም። ወዲያው ገብተው ሥራቸውን ቀጠሉ። በማግስቱ መርፌውን ሲያነሱ በቀኝ ዓይናቸው ጫፍና ጫፉ አለ፣ መሀሉ የለም።

"ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ። አልተመለሰም።"

አባዬ ክር የሚያስገቡት ፊታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው ነው። ልብስ ሰፊ ሁሉ እንዲያ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር። ልጅ ሳለሁ እየኮረጅኩ እጫወትበት ነበር።

"ለምን አልነገሩንም?"

"ምን ብዬ? ሰፊው ዓይኑ ታሟል ከተባለ ማን ጨርቅ ያመጣልኛል? አንቺንስ በምን ላስተምርሽ?"

አላለቀስኩም። ላስቲኩን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ጋሼ ታደሰ። ማንም በቴሌስኮፑ ውስጥ ዓይኑን አያስገባም አልኳቸው። ከዓይን ሌንሱ የሚወጣውን ብርሃን ተቀብዬ ፀሐይዋን ወረቀት ላይ አሳርፋታለሁ፤ ለዚያ ፊልተር አያስፈልግም።

"ሰዎቹ ወረቀት ሊያዩ ነው እንዴ የሚመጡት?"

"አዎ ጋሼ።"

"እሺ። ከከሸፈ ግን እኔ የለሁበትም።"

ለነገ፦
ከቴሌስኮፑ ጎን ያለችው ትንሿ መፈለጊያ ቱቦ ትፈታ። ልጆቹ በእሷ ማየታቸው አይቀርም።
ራህማ ከላከቻቸው ሁለት የዓይን ሌንሶች ፕላስቲኩን ተይ፣ የብረቱን ያዢ። ፕላስቲኩ ይቀልጣል።
ነጭ ካርቶን። ጥላ የሚጥል ሌላ ካርቶን፣ ቱቦው የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው።
ገመድ፣ አራት እንጨት። ከገመዱ ወዲህ ከእኔ በቀር ማንም አይገባም።
አንድ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል።

ዓርብ

ነፋስ ነበር። ቆመ ስል ይነሳል። የቴሌስኮፑ እግር ላይ ሦስት ድንጋይ አሰርኩበት።

ፀሐይዋን ለማግኘት ቱቦውን ሳይሆን የቱቦውን ጥላ አየሁ። ጥላው ሲያጥር፣ ሲያጥር፣ ክብ ሲሆን፣ ድንገት ካርቶኑ ላይ የሲኒ ማስቀመጫ የምታህል ነጭ ፀሐይ ወደቀች። በላይዋ ሦስት ጥቁር ነጥቦች፣ እንደ ኑግ ፍሬ።

"የወረቀቱ ቆሻሻ ነው!" አለ አንዱ ከኋላ። ተሳቀ።

ካርቶኑን ወደ ግራ ሳብኩት። ነጥቦቹ ከፀሐይዋ ጋር ቀሩ።

"ወላሂ ፀሐይዋ ላይ ነው!" አለች አንዷ። ከዚያ ጫጫታ ሆነ፤ ገመዱን ሊበጥሱት ደረሱ።

ከወረዳ የመጡት ሰውዬ ጠጋ አሉ። "እኛስ በውስጡ አናይም?"

"አናይም ጌታዬ" አልኩ። ቅጠሉን አንስቼ ዓይን በሚጠጋበት ቦታ ያዝኩት። ወዲያው ጨሰ፣ መሀሉ ተበሳ።

"ቅጠሉ ዓይናችሁ ቢሆን አያማችሁም ነበር። የማታውቁትም ለዚህ ነው።"

ሰውዬው ማስታወሻቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ። ሲሄዱ "ጥሩ ነው" አሉ። እንዲህ ያለ "ጥሩ ነው" ብዙ ሰምቻለሁ። ስለ ቦታው ማንም አልተናገረም።

ጋሼ ታደሰ ወንበር ሲያስገቡ አግኝቻቸው፣ "ያው ወረቀት ነው ያሳየሽን" አሉኝ። ትንሽ ቆይተው፣ "ሰኞ ለአሥረኛ ክፍል ድገሚው።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያ ረቡዕ ያየሁበት... ለአፍታ ነው እኮ። ምንም አይለኝም አይደል?"

"ለአፍታ ነው ጋሼ" አልኳቸው። ሌላ የማውቀው የለም። የአንድ ዓይናቸውን ቆብ ሲያሻሹ አየኋቸው።

ቅዳሜ

ከማለዳ ጀምሮ ተኝቼ ጣሪያ ሳይ ቆየሁ። ደስታም አይደለም፣ ሐዘንም አይደለም። እግሬ ግን አላርፍ ብሎኛል። ተነስቼ ለትምህርት ቤቱ ቴሌግራም የሚለጠፍ ጽሑፍ አዘጋጀሁ። አባዬን አስነበብኳቸው። "የእኔን ስም ብቻ አታንሺ" አሉ። አላነሳሁም። ይህን ነው የላክሁት፦

"ሰኞ አምስት ሰዓት ላይ፣ ደመና ከሌለ፣ ፀሐይን ወረቀት ላይ እናያለን። ወላጆችም ኑ። መስታወትም ራጅም ይዛችሁ አትምጡ። የምንቆመው ጀርባችንን ለፀሐይ ሰጥተን ነው። አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከዚህ ቀደም ፀሐይን በራጅ ወይም በጥላሸት መስታወት አይታችሁ፣ የምታዩት ነገር መሀሉ የጠፋባችሁ ካላችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስማችሁን ለማንም አልናገርም። ብዙ ከሆናችሁ አብረን ሐኪም እንጠይቃለን። መጻፍ የሚከብዳችሁ ሰኞ ኑና በጆሮዬ ንገሩኝ።"