አዲሱ ሽጉጥና የማንኪራው ምስክር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 1996

ነከሰ። አዲሱ ሽጉጤ ሁለተኛው ጥይት ላይ ቀለሁ በግማሽ ወጥቶ ቀረ። ሳጅን ወልዴ ከእጄ ተቀብሎ በጥፍሩ ፈለቀቀውና መለሰልኝ። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል» አለኝ። እሱ እስኪለምድ እኔ ማን ጋ ልጠጋ?

ከፖሊስ ጣቢያው ጀርባ ገደሉ ውስጥ ነበርን። ሦስተኛውን ሳልተኩስ አዛዡ እየሮጡ መጡ። ከተማው ተሸብሯል፣ ሁለተኛ እዚህ እንዳትተኩሱ አሉ።

ሽጉጡን መሥሪያ ቤቴ የሰጠኝ ባለፈው ሳምንት ነው። በቡና መሬት ጠብ ሰው ገድሏል ብዬ የከሰስኩት ሰው ወንድሞች አሉት። ታላቅየው አመሻሽ ላይ የተከራየሁበት ግቢ በር ላይ ቆሞ፣ በጣም በትሕትና፣ «ሰኞ ችሎት ባይቀርቡ ይሻልዎታል» አለኝ። አንቱ እየተባልኩ ሲዛትብኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ሽጉጡ ትንሽ ነው፤ ቦርሳዬ ውስጥ ከማበጠሪያዬ ጎን ይገባል። ዐቃቤ ሕጓ ሴት ስለሆነች አይከብዳትም ብለው የመረጡልኝ ነው። እውነት አይከብድም። አይተኩስምም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

ዝናብ። ሽጉጡ ቦርሳ ውስጥ አድሮ ብረቱ ላይ ቡናማ ነጥብ አየሁበት። የቦንጋ እርጥበት ጫማዬን እንኳ ያሻግታል። ፈታታሁትና በዘይት ወለወልኩት። ስገጥመው ሞላው ተፈናጥሮ አልጋ ሥር ገባ። በሆዴ ተኝቼ ስፈልገው መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ እንባዬ።

ባልደረባዬ አቶ ታደሰ «ማሳየቱ ብቻ ይበቃል» ይለኛል። ካሳየሁ በኋላስ?

የሚያስጨንቁኝ፦ ጥይት እንደ ልብ አይሰጡኝም። ሳጅን ደግሞ እንዲህ ያለ ትንሽ ሽጉጥ ሞላው ጠንካራ ስለሆነ፣ በደንብ ካልተተኮሰበት አይታመንም ይላል። ከሁሉ በላይ፣ ያለኝ ምስክር አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሽ አደመ የማንኪራ መንደር ንብ አርቢ ናቸው። ግድያውን ያዩት ቀፎ ሊያወርዱ ዛፍ ላይ ወጥተው ሳሉ ነው። እሳቸው ከቀሩ ክሱም ቀረ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10

ተኮሰ!

ሳጅን ከየትም ለምኖ ያገኘውን ጥይት ይዞ በማንኪራ መንገድ ወደ ጫካ ወሰደኝ። «የቡና ለቀማ ጊዜ ነው፣ ዝንጀሮ የሚያባርር ሰው ይመስላቸዋል» አለ። መጀመሪያ ሁለቴ ነከሰ። «እጅዎ ላላ፤ እርስዎ ሲለግሙ እሱም ይለግማል» ብሎ ተቆጣኝ። ክንዴን አጠንክሬ ያዝኩ። ከዚያ ካዝናውን ሙሉ አንድም ሳይነክስ ጨረሰው። ሌላ ካዝና ጨመርን። አሁንም እንደዚያው። ጆሮዬ እየጮኸ እንደ ሕፃን ዘለልኩ። ያ ሰውዬ ደጄ ላይ ከቆመ ወዲህ ጠግቤ የበላሁት ዛሬ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ጋሽ አደመ ሰኞ እንዳይቀሩ ሊያስታውሳቸው የሄደው ፖሊስ ብቻውን ተመለሰ። ቤታቸው ተዘግቷል። ጎረቤት እንደነገረው፣ ሐሙስ ዕለት ከወንዙ ማዶ የተኩስ መዓት ተሰማ። ጋሽ አደመ «ወንድማማቾቹ መጡብኝ» ብለው ሚስታቸውን ይዘው ሺሺንዳ፣ ልጃቸው ቤት ሸሹ።

ፖሊሱ «ማን ይሆን የተኮሰው?» አለኝ። ጋሽ አደመን ስንት ጊዜ ቢሮዬ አስቀምጬ አነጋግሬያቸዋለሁ። ቤታቸው ከጫካው በየት በኩል እንደሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

እሁድ፣ ኅዳር 13

ሺሺንዳ ደርሼ መጣሁ። ጋሽ አደመ ልጃቸው ቤት ጓሮ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ «የተኮስኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ልጃቸው ያልገባቸው መስሏት በቋንቋቸው፣ በካፊኖኖ፣ ደገመችላቸው። ገብቷቸዋል።

«ለምን ተኮስሽ?»

«ሽጉጡ አዲስ ነው። እንዲለምድ ብዬ።»

«ማንን ፈራሽ?»

«እነሱን።»

«አንቺ መንግሥት ነሽ። ፖሊስ አለሽ፣ ብረት አለሽ። አንቺ ፈራሽ። እኔ ምን አለኝ? ጭስ ብቻ አለኝ፣ ለንብ።»

አፈርኩ። ከዚያ ነገ ችሎት እንዲቀርቡ ለመንኳቸው፣ ምን እንዳልኩ እንኳ አላስታውስም። እሺም እምቢም አላሉም። «ይመሽብሻል፣ ሂጂ» ብቻ አሉኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 14

መጡ። ዳኞቹ ሊነሱ ሲሉ ከልጃቸው ጋር በሩ ላይ ታዩ። ወንድማማቾቹ ኋላ ወንበር ላይ ተደርድረው ዓይን ዓይናቸውን እያዩአቸው፣ ጋሽ አደመ ያዩትን ሁሉ ተናገሩ። ፍርዱ ለሌላ ቀን ተቀጠረ።

ውጭ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሊጨብጡኝ መስሎኝ ነበር።

«አሁን ብረቱን ለእኔ ስጪኝ» አሉ። «ማንኪራ የማድረው እኔ ነኝ።»

የመንግሥት ንብረት ነው፣ በስሜ ነው የወጣው፣ ከእኔ ሊለይ አይችልም አልኳቸው። እንዲህ ያለ መልስ ለምደዋል መሰለኝ፣ አልተከራከሩም። ልጃቸውን ሸኝተው ብቻቸውን መንገድ ጀመሩ። አዛዡ ጋ ሮጬ ጠባቂ ጠየቅኩ። «መኪና የለም፣ ሰውም የለም፣ ነገ እናያለን» አሉኝ።

ከእኔ ሊለይ አይችልም ብያለሁ። እንግዲያው ከነባለቤቱ ይሂድ። ከተማው ሳያልቅ ደረስኩባቸው። እስከ መገንጠያው በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግር።

ይህን የምጽፈው ማንኪራ፣ እሳቸው ቤት ነው። ሳጅን ወልዴ ነገ በጠዋት እመጣለሁ ብሏል። ሚስታቸው ገና ሺሺንዳ ናቸው፤ ጋሽ አደመ መደቡን ለእኔ ለቀቁልኝ። መንገድ ላይ ዘንቦብን ቦርሳዬ ርሷል። ሽጉጡን አውጥቼ በቀሚሴ ጫፍ ስጠርገው ጋሽ አደመ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ያዩኛል።

«ይተኩሳል?» አሉኝ።

«ሐሙስ ተኩሷል» አልኳቸው። ከዚያ በላይ የማውቀው የለም።