ጭላሎ የተባሉት ሁለት መርከቦች

ግርማዬ፣

በሞት ከተለየኸን ዛሬ ዘጠኝ ወር ከአሥራ አንድ ቀን። የምጽፍልህ የምሥራች ስላለኝ ነው። ወንድ ልጅ አለህ። መፀነሱን እኔም ሳላውቅ ነው የሄድከው። አርባ ቀኑ ሞልቶ ክርስትና ተነሥቷል።

ቤቱ ደህና ነው። ጣሪያው አያፈስም። ቀበሌ ስኳር ሲመጣ ልጁን ታቅፌ እሰለፋለሁ፤ ያሳልፉኛል። አሰላ እንደ ወትሮዋ ብርድ ናት።

ቄሱ የክርስትና ስም አወጡለት። የቤት ስም ግን አልነበረውም፤ ማሙሽ እንለው ነበር። አንድ ስም አፌ ላይ ነበር። ፈራሁት።

ምጽዋ ባሕር ኃይል ሳለህ ያገለገልክባቸው ሁለቱም የጦር መርከቦች፣ አሮጌዋም በኋላ የተተካችው አዲሷም፣ በተራራችን ስም ጭላሎ ይባሉ ነበር። የአሰላ ልጅ ተራራው ላይ ቆሞ ባሕር ገባ እያልክ ትስቅ ነበር። ድንች እየላጥን ነበር ይህን የነገርከኝ። አንተ ልጣጩ ሳይበጠስ ትልጥ ነበር። አዲሷ በተበላሸች ቁጥር እናንተ ነባሮቹ ከአሮጌዋ ጋር እያስተያያችሁ ታሟት ነበር።

ደግሞ አሮጌዋ ከአገልግሎት ሳትሰናበት ስሟ ለሌላ አይሰጥም አልከኝ። ያስጨነቀኝ ይኼ ነው። ስምህን ለልጁ ብሰጥ አንተን አሰናበትኩህ ማለት ነው?

ሐሳቤን ስነግራቸው እናትህ፣ አባትና ልጅ በአንድ ስም ሲጠሩ አይቼ አላውቅም፣ ተማሪ ቤት ይስቁበታል አሉ። ግን ልጁን ሲያጥቡ፣ የሚሰማቸው የሌለ መስሏቸው፣ ቀስ ብለው በስምህ ጠሩት። ሰማሁ። በማግሥቱ ልጁን ላስመዘግብ ቀበሌ ሄድኩ።

ጸሐፊው ስሙን ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እህቴ፣ የልጁን ነው የጠየቅሁሽ። አባቱንማ ጽፌዋለሁ።»

«የልጁም እሱ ነው» አልኩት።

ሰልፈኛው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጻፈው፤ ግርማ ግርማ።

ይኸውልህ፣ አሁን ስምህ ቤቱን ሞልቶታል። ግርማ ነቃ። ግርማ ጠባ። ግርማ አስነጠሰው። እናትህ መጀመሪያ ሰሞን ስሙ ሲጠራ በር በሩን ያዩ ነበር። አሁን የልጁን አልጋ ያያሉ።

አንድ ፍርሃት ይቀረኛል። ልጁ አድጎ ሲያጠፋ ከአንተ ጋር እንዳላስተያየው። አላስተያየውም። ባሕር ይፍራ፣ ሳቅ አይውደድ፣ እንደፈለገው ይሁን። አንተን መሆን ሥራው አይደለም። አንተን ማስታወስ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው፤ እስካለሁ ለማንም አልሰጠውም።

ሚስትህ