የአስር ደቂቃ መርዶ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ከምሳ በኋላ፣ ሱቅ

ያ የምግብ ጠረጴዛ ዛሬም ተመለሰ። እግሩ ይነቃነቃል አለ ሰውየው። አየሁት። የሚነቃነቀው የቤቱ ወለል ነው። ቀየርኩለት። ክርክር ከጠረጴዛ የበለጠ ቦታ ይይዛል። እዚህ ስደት አገር፣ ዱሉዝ ውስጥ የቤት ዕቃ እየሸጠ ይህን ያልገባው ሰው ዌርሃውሱን ይዝጋ።

ከዚያ አንዲት ልጅ ገባች። ሜላት ትባላለች። እዚሁ አገር ያደገች፤ ቀን ሕግ ቢሮ ትሠራለች፣ በተረፋት ጊዜ ተውኔት ትጽፋለች። ሶፋ ፈለገች። በግዢ አይደለም፣ በኪራይም አይደለም፤ በውሰት። እሷና ጓደኞቿ አጫጭር ተውኔቶች ጽፈዋል፤ እያንዳንዱ አስር ደቂቃ። በአማርኛ። ሳቅኩ። በአስር ደቂቃ እኔ ለአንድ ደንበኛ ቆዳን ከፕላስቲክ አስለይቼ አልጨርስም።

«ጋሽ ተፈራ፣ ላይክ፣ ሌላ ምንም ዕቃ የለንም እኮ። ሶፋው ራሱ ቤቱ ነው።»

ቤቱ ከሆነ የቤት ኪራይ ክፈሉ አልኳት። ሳቀች እንጂ አልሄደችም። እምቢ ሲሉት ወንበር ስቦ የሚቀመጥ ሰው ደስ ይለኛል። ግራጫዋን ሰጠኋት፤ ጀርባዋ ላይ ጭረት ያለባትን። ራሴ ወስጄ ራሴ አስቀምጣታለሁ። በጫማ የሚወጣባት እንዳይኖር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። ማታ

ሊቶኒያ። አዳራሹ ድሮ ምንጣፍ ይሸጥበት የነበረ ቤት ነው፤ ሽታው አልለቀቀም። ሶፋዋን አወረድኩ፣ እግሮቿን ፈተሽኩ። ልወጣ ስል ልምምድ ጀመሩ። በር ላይ ቆምኩ። ለዕቃዬ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ደብተሬ፣ እንዴት አድርጌ ልንገርህ።

ጎህ ሳይቀድ ነው። አንዲት ሴት የሥራ ዩኒፎርም ለብሳ በር ትከፍታለች። ሁለት ወንዶች ቆመዋል፤ የምታውቃቸው ናቸው። መርዶ ይዘው ነው የመጡት። እኛ ገና ሲገቡ ገብቶናል፤ እሷ ግን አልገባትም። መኪናችሁ አልነሳ አለች እንዴ ትላቸዋለች። ታስቀምጣቸዋለች። ዕንቁላል ትጠብሳለች። ይበላሉ! አንዱ ሶፋው እንዴት ይመቻል ይላል። ሳቅኩ፤ ወዲያው አፌን ያዝኩ።

መጥበሻ የለም። ምድጃ የለም። ዕንቁላል የለም። እጇ ብቻ ነው ያለው። ዘይቱ ሲንጫጫ ሰማሁ ብል ማን ያምነኛል?

መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ በመስኮት ታያለች። ከሰዎቹ የአንዱ ሚስት ውጭ መኪና ውስጥ ተቀምጣለች። ምነው አትገባም? ሰዎቹ ማኘክ ያቆማሉ። ጨው ልትነሰንስ የተነሳው እጇ አየር ላይ ቀረ። መብራት ጠፋ።

አለቀ። ማን እንደሞተ አልተነገረም። ሞት የሚለው ቃልም አልወጣም። እኔ ግን ደረቴ ላይ ቁም ሳጥን የተጫነ መሰለኝ። ይህን ያህል ክብደት በዚያች ትንሽ ጊዜ ውስጥ የት አስቀመጡት?

ሲያርፉ ሶፋዋ ላይ ተቀመጡ አሉኝ። የገዛ ዕቃዬ ናት። ቆሜ ቀረሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ከሰዓት

ብሎን ላጠብቅ ብዬ ተመልሼ ሄድኩ። ብሎኑ ደህና ነበር።

ሌላ ተውኔት አየሁ፤ የሜላት ጓደኛ የጻፈው። ሁለት ወንበር፣ ፊትና ኋላ። ሹፌርና ተሳፋሪ። ተሳፋሪው አንዲት ቃል አይናገርም። ሹፌሩ በሌለ መስታወት እያየው ያወራዋል፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ መጨረሻ ላይ ስለ ልጁ። ሲወርድ ሰውየው የሹፌሩን ትከሻ ነካ አደረገ። በቃ። እኔም በመጣሁ ሰሞን ከኤርፖርት ሰው አመላልሼ ነው የኖርኩት። ይህን ያየ ሰው አለ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሜላትን እንዴት ነው የምትሠሩት አልኳት፤ ሙያዋን እንደጠየቅኩ ሁሉ። የመርዶውን መጀመሪያ ስትጽፈው በጣም ረጅም ነበር። ተመልካቹ ከቤቱ ይዞት የሚመጣውን ነገር ሁሉ አወጣሁት አለችኝ። ልቅሶ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ልቅሶ አላስገባም አለች። ይሄማ የእኔ ሥራ ነው። ገዢው ቤቱ ያለውን ዕቃ ትራክ ላይ አልጭንም። ግን እኔ ስተው ትራኩ ይቀላል፤ እሷ ስታወጣ ተውኔቱ ይከብዳል። ይህን ሒሳብ አልደረስኩበትም።

የመርዶዋን ሴት የምትሠራው ሰብለ ትባላለች። በዲቪ የመጣች፣ ኮሌጅ ፓርክ ሆቴል ውስጥ ክፍል የምታጸዳ። ከዚህ በፊት መድረክ ላይ ወጥታ አታውቅም። ዩኒፎርሙ የራሷ ነው።

«ጋሽ ተፈራ፣ የሚጠብቁት ሶፋውን ነው እኛን?»

ሶፋው እግር አለው፣ ይሸሻል ብዬ ነው አልኳት።

«ከሸሸ ይንገሩኝ፣ አብሬው ልሂድ። ነገ የጠዋት ሺፍት አለብኝ።»

የሚቀጥለው ቅዳሜ ለሕዝብ ይታያል። ሱቁን ቀደም ብዬ እዘጋለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

አቶ መኮንን ደወሉ፤ የእድራችን ሊቀመንበር። የሰብለ አባት ደሴ አርፈዋል። ተቀብረዋል። ዘመዶቿ በስልክ ብቻዋን እንዳትሰማ ብለው ለእድሩ አደራ ሰጥተዋል። የእድሩ ወንበርና ትራኩ እኔ ዘንድ ስለሆነ እኔ ተነገረኝ።

ዕቅድ፦ እሑድ ጎህ ሲቀድ። ቅዳሜ «የሆነ ቲያትር አላት አሉ፤ ደስታዋን ትጨርስ» አሉ አቶ መኮንን። ደግ ሰው ናቸው። ቲያትሩ ምን እንደሆነ አያውቁም። እኔም አልነገርኳቸውም።

የተከፋፈልነው፦ ወንበርና ውኃ በእኔ። ለሆቴል አለቃዋ የሚደውል አንድ ሰው። ፌስቡክ ላይ ማንም «ነፍስ ይማር» ብሎ እንዳይለጥፍ፣ እሱም በእኔ። ሦስት ሰው ጋ ደወልኩ። አንዱ ጽፎ ነበር፤ አጠፋ። ሥራ ነው።

ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው የመጣብኝ። ልጅቷ በየማታው መርዶ መቀበል እየተለማመደች ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ማታ፣ ትራክ ውስጥ

ለመድረኩ ትንሽ ጠረጴዛ ጠይቀው ነበር፤ ወሰድኩ። ሌላ ሰው መላክ ይቻል ነበር። ፊቷን ማየት ፈልጌ ነው መሰለኝ፤ ሰምታ እንደሆነ።

አልሰማችም። ደክሟታል፣ ተጫውታ አልጠግብ ብላለች። ዝም ካልኩ ትጠረጥራለች ብዬ ቀልድ አወራሁላት። አንድ ደንበኛ አልጋ መለሰ፣ ሚስቴ እንቅልፍ እምቢ አላት ብሎ። አልጋውን ለሳምንት ለእሷ ብቻ ተውላት፣ አንተ ሶፋ ላይ እደር አልኩት። በሳምንቱ ሚስቱ ራሷ ደወለች፤ «አልጋው ተመችቶኛል፤ ለእሱ ደግሞ ሰፋ ያለ ሶፋ ስንት ነው?» ሰብለ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሁሉም ሳቀ።

ከዚያ ልምምድ። ሜላት መጨረሻውን ቀይራዋለች። እጇ አየር ላይ ከቀረ በኋላ መብራቱ አይጠፋም። ሴትዮዋ መቼ ሰማችሁ ትላለች። ሰዎቹ ይተያያሉ። ከትናንት ወዲያ ይላል አንዱ። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ በቀስታ፦

«ትናንት በስልክ አሳቅኸኝ እኮ።»

መብራት ጠፋ።

አላለቀሰችም። አልጮኸችም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የጠረጴዛውን እግር ደግሜ ደጋግሜ ፈተሽኩ። ሜላት ይህን ስትጽፍ እኔ የማውቀውን አታውቅም፣ ሰኞን አታውቅም። ወረቀት ላይ ያስቀመጠችው ቃል መጥቶ በር ላይ የቆመ ሰው አገኘ። ብዙ ዘመን ስነግድ ኖሬያለሁ። የሰው ልክ በዓይን እወስዳለሁ እላለሁ። ሳያየኝ ልኬን የወሰደ ሰው ገና ዛሬ አገኘሁ።

እንዴት ነው አለችኝ። አትንኪው አልኳት፤ ሮጬ ወጣሁ።

ከትራኩ ውስጥ አቶ መኮንን ጋ ደወልኩ። ነገ እንንገራት አልኩ።

«ተፌ፣ ምን ነካህ? ሦስት ቀን ነው የቀረው። ደስታዋን ለምን እንነጥቃታለን?»

ተውኔቱ ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ወጉ ይሄ ነው አሉኝ።

«ወጉ ብቻዋን አትስማ ነው የሚለው፣ ጋሼ። ከሁሉ ኋላ ትስማ አይልም።»

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቲያትር የሚያስለቅስህ?»

አላለቀስኩም አልኳቸው። ነገ ጎህ ሲቀድ። ተስማሙ። ወንበሮቹን አሁን እጭናለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ነገርናት። እኔ፣ አቶ መኮንንና ባለቤታቸው። ሦስታችንም አብረን ገባን።

ዩኒፎርሟን ለብሳ ከፈተች። እንዳየችን ገባት፤ መልመጃው ይሁን ፊታችን አላውቅም። መድረክ ላይ ያን ያህል ዝም የምትለው ሴት ቤቷ ውስጥ ምድርን ሰነጠቀች። የአቶ መኮንን ባለቤት ደግፈው ያዟት። ጎረቤት ነቃ። ከዚያ ወንበር፣ ውኃ፣ ሰው። በረፋዱ ቤቱ ሞላ። የእኔን ሥራ ሠራሁ።

ከሰዓት በኋላ ሳልፍ ሰብለ ጠራችኝ። መቼ ነው የሰሙት አለች። ሰኞ። ወለሉን አየች።

«ሮብ ዕለት ያውቁ ነበር?»

አዎ።

መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ፦

«ቀልዱ ግን ጥሩ ነበር።»

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ሜላት ልቅሶ ቤት መጣች። ምን እንደሚባል አታውቅም፤ በሩ ላይ ቆማ «አይም ሶ ሶሪ» አለችና እንደ ሕፃን አለቀሰች። አሮጊቶቹ አቀፏት። ትንሽ ቆይታ የመርዶውን ተውኔት ከፕሮግራሙ አወጣዋለሁ አለች። ይሄ አሁን ነውር ነው፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እኔ ነኝ ያመጣሁባት።

ሰብለ ሰማች። አስጠራቻት። አባቴን የገደለው ወረቀት አይደለም አለቻት። አንቺ ሥሪው፤ ቃሉን ታውቂዋለሽ። ዩኒፎርሜ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ፣ ውሰጂው።

ለእኔ ደግሞ፦ ሄደው ይዩልኝ። ከዚያ መጥተው ይንገሩኝ። ሁሉንም፤ ምንም ሳያስቀሩ።

እሺ አልኩ። የትኛውም የንግድ ቃል እንዲህ አልከበደኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ከተውኔቱ መልስ፣ ሰብለ በር ላይ፣ ፓርኪንግ

ቶሎ ቶሎ ልጻፍ፤ ከመግባቴ በፊት ሐሳቤን ላስተካክል።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ግማሹ ወጣቶች፣ ግማሹ የልቅሶው ሰዎች፤ ከዚያው ተነስተው የመጡ፣ አንዳንዶቹ ጥቁራቸውን እንደለበሱ። አቶ መኮንንም መጥተዋል፤ ከኋላ ተቀምጠዋል።

ሜላት ሰፊ ዩኒፎርም ለብሳ ወጣች። እጅጌውን አጥፋዋለች። እንደ ሰብለ አልሠራችውም፤ አልሞከረችም። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ አማርኛዋ ይወላገዳል። እና ሌላ ሴት ሆነች፤ እዚህ አገር ያደገች፣ ለምን በማለዳ እንደመጡ እንኳ የማታውቅ። ያው ቃል፣ ያው ዕቃ፣ ሌላ ሐዘን። ይህ ነገር አንድ ሰው ሲያነሳው አንድ፣ ሌላው ሲያነሳው ሌላ ይሆናል፤ ግን አይሰበርም። እንደዚህ ያለ ዕቃ ሠርቶ የሸጠልኝ የለም።

ዓረፍተ ነገሩ ደረሰ። አለችው። መብራቱ ጠፋ።

ማንም አላጨበጨበም። ጨለማ። አንድ የሽማግሌ ድምፅ ከኋላ፣ ልክ ልቅሶ ቤት እንዳሉ፦ «እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ።» ከጎኔ አንዲት ሴት፦ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ።» ከዚያ ከወዲህ፣ ከወዲያ፣ አዳራሹ ሁሉ፤ ያጥናሽ፣ ያጥናሽ። ወጣቶቹ የተውኔቱ ክፍል መስሏቸው ዝም አሉ። ጥቂት ቆይቶ እነሱም ይሉት ጀመር። ለማን ነበር? መድረክ ላይ ላለችው? እቤት ለተቀመጠችው? የለየ ሰው ያለ አልመሰለኝም። እኔም አልኩ። ለማን እንዳልኩ አላውቅም።

መብራቱ ሲመለስ ሜላት እዚያው ቆማ ነበር፤ እጇ እንደተነሳ። ማውረድ የረሳች ይመስላል። ወይም የፈራች።

አሁን ይህን እንዴት እነግራታለሁ? የኋላውን ድምፅ የማን እንደሆነ ትጠይቀኛለች። አቶ መኮንን ናቸው ብዬ አስባለሁ፤ ግን አልማልም። የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። ከጨለማው ልጀምር። ከዚያ ድምፁን። ከዚያ—

በሩ ተከፈተ። ሰብለ ሰው አልላከችም፤ ነጠላዋን ደርባ ራሷ ደረጃውን እየወረደች ነው። የመኪናውን መስኮት ላወርድና ከጨለማው ልጀምርላት።